እጅሽን ስታነሺ እናቆማለን

ሲስተር ኣረጋሽን የሚያለቅስ ልጅ አያስፈራትም። የሚጮኸው፣ የሚራገጠው፣ በሩ ላይ ተጣብቆ አልገባም የሚለው ልጅ ቢያንስ የሚሰማውን እየተናገረ ነው። እሷን የሚያስፈራት ዝም የሚለው ነው። ፊዮሪ ደግሞ ዝም ብላ ገባች።

ነሐሴ ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት። መቀሌ ላይ ጠዋት የጀመረው ዝናብ አላባራም። ሓወልቲ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለችው ባለ ሁለት ወንበር የጥርስ ክሊኒክ በሰው ተሞልታለች። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእናቷ ሻርፕ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ ከቀኝ መንጋጋዋ ሥር የጀመረው እብጠት ወደ አገጯ ወርዷል። እናቷ የትምወርቅ የደሴ ሰው ናት፤ መቀሌ ተድራ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው አማርኛም ትግርኛም ነው።

"ከእሑድ ጀምሮ ነው" አለች የትምወርቅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ጫማ ልገዛልሽ ብዬ ነው ያመጣኋት። ሐኪም ቤት ካልኳት ከአልጋ ሥር አትወጣም። ባለፈው ሌላ ቦታ አራት ሆነው ይዘዋት ነበር። ነከሰቻቸውና ጥርሱ ሳይነቀል ቀረ።"

"እህቴ፣ ሁለተኛ እንዳትዋሻት" አለቻት ኣረጋሽ።

ይህን የምትለው ከመጽሐፍ አንብባ አይደለም። ኣረጋሽ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን በነርስነት ነው የጨረሰችው፤ ጥርስ ክሊኒክ ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በመጀመሪያው ዓመት ሰላማዊት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ መጣች። የዚያን ጊዜው ሐኪም "ያዣት" ሲላት ያዘቻት። ጥርሱ በደቂቃ ወጣ። ልጅቷ ግን ወንበሩ ላይ ሽንቷ አመለጣት፤ ከዚያ ወዲህ ኣረጋሽን መንገድ ላይ ባየች ቁጥር እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትገባ ነበር። ያ ነገር ከኣረጋሽ ልብ አልወጣም።

ስለዚህ የራሷን መላ አበጀች። ልጅ ሲገባ ማስኳን አውርዳ ፊቷን ታሳያለች። ትንበረከክና ዐይኗን ከልጁ ዐይን በታች ታደርጋለች። የሚሽከረከረውን ብሩሽ መጀመሪያ በራሷ ጥፍር ላይ፣ ቀጥሎ በልጁ ጥፍር ላይ ታሳየዋለች። መቦርቦሪያው ከመነሳቱ በፊት ድምፁን አስቀድማ ታሰማለች፤ ምክንያቱም ያ ቀጭን ጩኸት በጦርነቱ ሰማይ ላይ ሲዞር የሰሙትን ድሮን የሚያስታውሳቸው ልጆች አሉ። "አያምም" አትልም። "ትንሽ ይቆነጥጣል፤ እስከ አምስት እንቆጥራለን" ነው የምትለው። ከሁሉም በላይ አንድ ቃል ትገባለች፦ ግራ እጅህን ካነሳህ ሁሉም ነገር ይቆማል።

ለፊዮሪም እንዲሁ አለቻት። "እዚህ ጫማ የለም፤ የጥርስ ሐኪም ነው። ይቅርታ፣ ቀድመን ልንነግርሽ ይገባ ነበር። ግን ሳትፈቅጂ ማንም አይነካሽም። እጅሽን ስታነሺ እናቆማለን። እሺ ጓለይ፣ ልጄ?"

ልጅቷ አየቻት። ራሷ ሄዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ጀርባዋን ግን አላስደገፈችም። አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ተቀመጠች። ኣረጋሽ አቀማመጧን አልወደደችውም። ለምን እንደሆነ ግን ገና አልገባትም።

ዶክተር በለጠ ጓንቱን እያጠለቀ ገባ። ከሌላ ክልል መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ከሰዓት ከሰዓት እዚህ የሚሠራ፣ እጁ የተመሰገነ ወጣት ሐኪም ነው። እብጠቱን ከላይ አይቶ "መግል ይዟል፤ እናስወጣዋለን" አለና ወንበሩን ወደ ኋላ ማስተኛት ጀመረ።

የፊዮሪ ግራ እጅ ወደ ላይ ተነሳ።

"ዶክተር፣ ቁም" አለች ኣረጋሽ።

"ገና አልነካኋትም እኮ።"

"እጇን አንስታለች።"

"ፈርታ ነው ሲስተር። ውጭ ስድስት ሰው ይጠብቃል። አንቺ እጇን ያዥ፣ እናትየው እግሯን ትያዝ፤ አንድ ደቂቃ ነው።"

የትምወርቅ የልጇን እግር ለመያዝ ጎንበስ ብላ ነበር። ኣረጋሽ በመሃል ገባችና ወንበሩን ቀና አደረገችው። የዶክተሩ ፊት ጠቆረ። እሷ ግን ወደ ልጅቷ ዞረች።

"ምን ሆንሽ? ለእኔ ንገሪኝ።"

ፊዮሪ ከንፈሯን አላቀቀች። የወጣው ድምፅ የሷ አይመስልም፤ ትኩስ ነገር አፏ ውስጥ ይዛ የምታወራ ይመስላል። "ስተኛ... አየር... የለም።"

ኣረጋሽ ያኔ ነው ሻርፑን የፈታችው። ከውስጥ በኩል በምራቅ ርሷል። ልጅቷ ምራቋን መዋጥ አቅቷት ቀኑን ሙሉ ሻርፑ ላይ ስታፈስ ነበር። ከአገጯ ሥር ስትዳስሰው እንደ እንጨት የጠነከረ ነው፤ በቀኝ ብቻ ሳይሆን በግራም። "ምላስሽን አንሺልኝ" አለቻት። ምላሷ አይነሳም፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ አብጦ ወደ ላይ ገፍቶታል።

"ዶክተር፣ ና እየው" አለች። ድምጿን ላለመለወጥ ታገለች።

አየ። ጣቱን አገጯ ሥር አድርጎ ለአፍታ ቆየ። ጓንቱን ሲያወልቅ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። "እንዳትተኛ" አለ። "እንዳታለቅስም። ካለቀሰች ጉሮሮዋ ሊዘጋ ይችላል። አሁኑኑ ሆስፒታል መድረስ አለባት።"

አምቡላንስ ተደወለ፤ ውቅሮ መንገድ ላይ ነው፣ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል ተባለ። ዶክተሩ ሆስፒታሉ እንዲዘጋጅ ለማናገር ስልኩን ያዘ። ኣረጋሽ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ወጥታ በር ላይ ሰው የሚጠብቀውን ባለባጃጁን ገብረዝጊን አስነሳች።

በባጃጁ ውስጥ ፊዮሪን መሃል አስቀመጧት። እናትየው በአንድ በኩል ጮክ ብላ መጸለይ ጀምራለች። ኣረጋሽ በልጅቷ ራስ ላይ አሻግራ በዐይኗ "ዝም በይ" አለቻት። የዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ሁሉ አሁን ወደዚህች አንዲት ነገር ተሰብስቧል። ይህች ልጅ መረበሽ የለባትም።

"በአፍንጫሽ ሳቢ። አሁን ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ቀስ ብለሽ ንፊ። አንድ። ደግሞ ሳቢ።"

ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር የልጅቷ ጉሮሮ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። አሥራ ሰባተኛው ትንፋሽ ላይ ፉጨቱ ሳይነቀነቁም መምጣት ጀመረ። ኣረጋሽ ቆጠራዋን አላቋረጠችም፤ ገብረዝጊ ግን ሰምቶታል፤ ጡሩምባውን ተጭኖ አልለቅ አለ።

ፊዮሪ ጋውኗን ጎተተች። "ልሞት... ነው?"

የትምወርቅ "ኧረ አንቺ ልጅ!" ብላ ፊቷን ሸፈነች።

"በጣም ታመሻል" አለቻት ኣረጋሽ። "ለዚህ ነው የምንሮጠው። እዚያ የሚያውቁ ሰዎች እየጠበቁሽ ነው። እኔ አጠገብሽ ነኝ። ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ፣ ሳቢ።"

ሳበች።

ሆስፒታሉ በር ላይ አልጋ ይዘው ጠበቋቸው። ልትተኛ እንደማትችል ኣረጋሽ እየጮኸች ነገረቻቸውና ቁጭ እንዳለች ገፏት። መተንፈሻ ቱቦ ሊያስገቡላት፣ ከዚያም ከአገጯ ሥር ቀደው መግሉን ሊያወጡ ነው። በኮሪደሩ እየሮጠች፣ ኣረጋሽ በጣም ያልወደደችውን ነገር መናገር ነበረባት።

"ፊዮሪ፣ ስሚኝ። እዚህ ውስጥ እጅሽን ብታነሺም አይቆሙም። ካቆሙ አየሩ ያልቃል። እኔ የገባሁልሽ ቃል እዚህ አይሠራም።"

ልጅቷ አየቻት። አላለቀሰችም። የኦፕሬሽን ክፍሉ በር ሲከፈት ግን ግራ እጇን አነሳች። ጣቶቿን ዘርግታ፣ ከፍ አድርጋ፣ ኣረጋሽን እያየች ያዘችው። ማንም አልቆመም። በሩ ሲዘጋ እጇ እንደተነሳ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። የወጣው ሐኪም ቱቦው የገባው በጭንቅ እንደነበር፣ አንድ ሰዓት ቢዘገዩ ኖሮ ግን እንደማይደርሱላት ነገራቸው። ፊዮሪ ሦስት ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ቆየች፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቤቷ ገባች። የታመመውም ጥርስ እዚያው ወጣ።

ዶክተር በለጠ አንድ ቀን ዕቃ ሲታጠብ መጥቶ "አስተኝቻት ቢሆን ኖሮ እጄ ላይ ነበር የምትቀረው" አለ። ኣረጋሽም እኮ ሻርፑን ለመፍታት ዘግይታለች። ከዚያ ወዲህ የሚመጣን ልጅ ሁሉ አስቀድማ ከአገጩ ሥር ትዳስሳለች፤ ለጥርስ ማጽዳት የመጣውንም ቢሆን።

በጥቅምት የትምወርቅ ልጇን ይዛ ተመለሰች፤ ሌላ የተበላ ጥርስ አለ። ፊዮሪ ከአገጯ ሥር የጣት ርዝመት ያለው ጠባሳ ይዛ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ኣረጋሽን ስታይ ወደ እናቷ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

የትምወርቅ ፊቷ ቀላ። "ሲስተር... አንቺ ካልወጣሽ አልገባም ትላለች።"

ኣረጋሽ ወጥታ ኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ የዶክተር በለጠ ድምፅ ይሰማል፤ እየቆየ፣ እየጠየቀ፣ እየጠበቀ። ብዙ ከጠበቀ በኋላ የመቦርቦሪያው ጩኸት ተነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ ቆመ፤ ደግሞ ተነሳ። ፊዮሪ አልጮኸችም።

የትምወርቅ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። "አትቀየሚያት። ሕይወቷን እንዳተረፍሽ ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ።"

"አልተቀየምኩም።"

"አሁንም ማታ ማታ ቁጭ ብላ ነው የምትተኛው" አለች እናት፣ በሩን እያየች። "ትራስ ላይ ልናስተኛት ስንሞክር ትነቃለች። ይለቃት ይሆን ሲስተር?"

ኣረጋሽ ጋውኗን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"አላውቅም" አለች።