ስድስት ሰዓት የፈጀው ስሌት

የወንዝ ሙላት በምንተነብይበት ቢሮ ጠረጴዛዬ ከእሷ ጠረጴዛ ጋር ፊት ለፊት ነው። የስሌቱን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት። አንድ ክፉ አመል ግን ነበራት፤ ፕሮግራሙ ተንቀራፈፈ ሲሏት ትስቃለች።

"ምን አስጨነቃችሁ? መጪው ማሽን ይሸከመዋል።"

እውነቷን ነበር። በየሁለት ዓመቱ የሚመጣው ኮምፒውተር ከቀደመው በእጥፍ ይፈጥን ስለነበር፣ እኛም ስሌቱ ላይ ገባር ወንዝና መንደር ስንከምር ኖርን። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ መጻፍ የሞኝ ሥራ መሰለን። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ ጣቴን እሷ ላይ ብቻ ብቀስር ነውር ነው።

ከዚያ የማሽኖቹ ፍጥነት ማደጉን እያቆመ መጣ። የመጨረሻው ብዙ ፕሮሰሰር ነበረው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ግን ከአሮጌው እምብዛም አይሻልም። ፕሮግራሟ ሥራ ማከፋፈል ስለማይችል አንዱ ሲለፋ የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ስሌቱ ስድስት ሰዓት ይፈጅ ጀመር። እሷ አሁንም "ቀጣዩ ይመጣል" አለች።

ቀጣዩ ሳይመጣ ያ ከባድ ዝናብ መጣ። ጠዋት ስሌቱን እንዳስጀመርን፣ ወንዙ ዳር እየኖሩ የውሃውን ከፍታ የሚለኩልን ሽማግሌ ደወሉ።

"ልጄ፣ የውሃው መልክ አላማረኝም። ልውጣ እንዴ?"

ባለፈው ዓመት በግምት "ውጡ" ብለን፣ ውሃው ሳይመጣ ቀርቶ የሰው መሳቂያ ሆነን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሌቱ ሳያልቅ ማንንም ውጣ አንልም።

"ትንሽ ይቆዩ አባባ፣ ስሌቱ እስኪያልቅልኝ" አለቻቸው እትዬ።

ስሌቱ በተጀመረ ልክ በአምስት ሰዓቱ ውሃው ደረሰ። ስሌቱ በስድስት ሰዓቱ አለቀ፤ ከፍታውን ስንዝር እንኳ አልሳተም። የሽማግሌው አስከሬን በሁለተኛው ቀን ተገኘ።

ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፈችው። ስንት ዓመት የሸሸነው ሥራ ሦስት ወር ብቻ ፈጀባት፤ ዛሬ ስሌቱ በአርባ ደቂቃ ያልቃል። እሷን ግን ያ ቀን አልለቀቃትም። ሥራ ቀለል ባለ ቁጥር የዚያን ጠዋት የዝናብ መጠን አስገብታ ታስኬደዋለች። መልሱ ሲወጣ የሽማግሌውን ቁጥር ትደውላለች፤ ጥቂት አዳምጣ ስልኩን ታስቀምጣለች። እውነቴን ነው፣ ያኔ ቀና ብዬ ላያት እፈራለሁ።

ትናንት አላስችል ብሎኝ "ተይ በቃ፣ እትዬ" አልኳት።

"አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይተርፋቸው ነበር" አለችኝ። "ቤታቸውን ቆልፈው፣ ቀስ እያሉ በእግራቸው ይወጡ ነበር።"