በሩዝ መጋዘን የተያዘ ቁራኛ

ወረታ ላይ የታሰርሁበት ቤት ለእስር የተሠራ አልነበረም። የሩዝ መጋዘን ነበር፤ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ ጀርባ የቆመ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ቤት። በሩ ሲከፈት እርጥበት የነካው የሩዝ ገለባ፣ ላብና የሽንት ባልዲ አንድ ላይ ሸተቱኝ። የገለባው ብናኝ አንገት ላይ ይጣበቅና ያሳክካል። ክረምት ስለነበረ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መደማመጥ አይቻልም፤ ሲያባራ ደግሞ ከሜዳው የእንቁራሪት ጩኸት፣ ከመንገዱ ማርሽ የሚቀይር የጭነት መኪና ድምፅ ይሰማል።

ጥፋቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነበርሁ። በመምህራን ስብሰባ ላይ፣ አገርን በቋንቋ መከለል አንዱን ጎረቤት ባለቤት ሌላውን እንግዳ ያደርጋል፣ እንግዳ የተባለውም አንድ ቀን ውጣ መባሉ አይቀርም ብዬ ተናገርሁ። በማግስቱ እያስተማርሁ ሳለ ከክፍል ወሰዱኝ። መዝጋቢው ፖሊስ ስሜንና ዕድሜዬን ጽፎ «ብሔር?» አለኝ። አባቴ የመንዝ፣ እናቴ የወለጋ ሰው መሆናቸውን ነገርሁት።

«አንዱን ይምረጡ።»

«ሁለቱም ወላጆቼ ናቸው።»

«ቦታው ጠባብ ነው እኮ መምህር፤ ሁለት አያስጽፍም።»

ጨዋ ልጅ ነበር። የአባቴን ጻፈ። በዚያ ወረቀት ላይ እናት የለኝም።

በዚያ ክረምት በአካባቢው ሰልፍ ተነሥቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ጥይት ተተኩሶ ነበር። በመጋዘኑ ውስጥ ከእኔ ጋር የነበሩት አብዛኞቹ ከፎገራ ሜዳ የታፈሱ ገበሬዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ጢሙን ለሐዘን ያሳደገ ባለ ከብት፣ ወንድሙ በጥይት ተመትቶ ሞቶበታል፤ ተዝካሩን ሳያወጣ ነው የያዙት። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጥ ነበር። ስለ ወንድሙ ሞት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሳልፎ የሰጠው ጠቋሚ አለ።

የምተርከው ስለ አንድ ቀን ነው። ጠዋት፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ውኃው ወደ መጋዘኑ ስለተጠጋ፣ ቦይ እንድንቆፍር አወጡን። ስንመለስ ጠባቂዎቹ የዶማዎቹን ብረት አስወልቀው እጀታዎቹን ወደ ውስጥ አስገቡ አሉን። «ውኃ ጠጥተዋል፤ እዚያው ይድረቁ።» ከጥቂት ቀናት በፊት ቀበቶአችንን እንኳ ፈትተው የወሰዱ ሰዎች ናቸው። እጀታዎቹን በግድግዳው ሥር ደረደርናቸው። ነገሩ አላማረኝም፤ ግን ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የእስር ቤቱ ኃላፊ መጣ። የደንብ ልብስ አይለብስም። በዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል ጫማው ንጹሕ ነበር። አነጋገሩ የዚያው አገር ነው፤ የአንዳንዶቹ ገበሬዎች የሥጋ ዘመድ ነው ይባል ነበር። አንድ ሰው ወደ ውስጥ ገፍትሮ አስገባና፣ «የምታውቁትን ሰው አምጥቼላችኋለሁ። የልባችሁን ተጫወቱ» አለ።

የገባው የገበሬዎቹን የውኃ ፓምፕ የሚጠግነው ሰው ነበር። የትግራይ ተወላጅ ነው፤ ወረታ ላይ ሱቅ ከፍቶ ሲኖር ልጆቹ እዚያው ተወልደው እዚያው ለአቅመ አዳም ደርሰዋል። በሩ ተቆለፈ። ከዚያም አንድ ያልለመድነው ድምፅ ሰማሁ፤ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ የሚያዳምጠው ጠባቂ በርጩማውን አንሥቶ ሲሄድ። እግሩ በጭቃው ውስጥ እየራቀ ሄደ። ውጭ ማንም አልቀረም።

ያን ጊዜ የእጀታዎቹ ነገር ገባኝ። እነዚያ ገበሬዎች ምንም ወንጀል አልተገኘባቸውም። እስኪመሽ ግን ይገኝባቸዋል። ነገ ደግሞ እኛ ባንኖር እርስ በርስ ትተላለቁ ነበር የሚለው የመንግሥት ንግግር ማስረጃ ያገኛል።

ጠጋኙ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ።

«እዚህ ፓምፕ የለም» አለ አንዱ፤ «ምን ልትጠግን መጣህ?»

«ባልዲው ያፈሳል፤ እሱን ይይልን እንጂ» አለ ሌላው።

ሳቁ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። ባለ ከብቱ ተነሣ፤ ከግድግዳው ሥር አንድ እጀታ አነሣ።

«ወንድሜ ሊሞት ዋዜማው ሱቅህ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ያወራውን ሰምተህ ለማን ወሰድህ?»

«ለማንም። ፓምፑን ሊያሠራ መጣ፤ ሠራሁለት፤ ሄደ።»

«ሰው ሁሉ እሱ ነው ይላል።»

«ሰው ሁሉ ትግሬ ነው ይላል። ትግሬነቴን አልክድም። ወንድምህን ግን አልሸጥሁም።»

ሌሎቹም ወደ እጀታዎቹ ተጠጉ። ይህ ወጥመድ ነው ብዬ ልጮህ አሰብሁ። ነገር ግን ወንድሙን ለቀበረ ሰው ወጥመድ ምኑ ነው? እያወቀም ይገባበታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ያ ዘመን አሁን ሩቅ ነው፣ የጥንቱን የሙግት ሥርዓት ተምሬ ነበር፤ እንደ ሞተ ነገር፣ ለፈተና። ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

«በሕግ አምላክ!» አልሁ ተነሥቼ።

ባለ ከብቱ እጀታውን እንዳነሣ ቆመ። እንዲቆም ያደረገው የእኔ ድምፅ አይደለም፤ አባቱ በዚያ ቃል ሲቆም አይቶ ያደገ ሰው ነው።

«ከሳሽ ነህ?» አልሁት።

«ነኝ።»

«እንግዲያ ዳኛ ጥራ።»

«እዚህ ምን ዳኛ አለ?»

ከጥጉ አንድ ሽበታም ገበሬ፣ «መምህር አሉ አይደል? ድሮ በመንገድ የሚያልፍ ሽማግሌ ይዳኝ አልነበር?» አለ።

«እኚህስ ወዴት ያልፋሉ? ተቆልፎባቸው!» አለ ቅድም በባልዲው የቀለደው። አሁን የተሳቀው ትንሽ የተሻለ ሳቅ ነበር።

«ይሁን፤ ይዳኙን» አለ ባለ ከብቱ። «ግን ቶሎ ይፍረዱ መምህር።»

ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ተከሳሹን ዋስ እንዲጠራ አዘዝሁት። ፊታቸውን አንድ በአንድ ተመለከተ። በዚያ ቤት ውስጥ እስከ ማሳቸው ድረስ በጭቃ ወርዶ ፓምፕ የጠገነላቸው ሰዎች ነበሩ። ሁሉም መሬት መሬት አዩ።

«ዋስ የለኝም» አለ።

«አለቀ» አለ አንዱ።

«አላለቀም» አልሁ። «ዋስ ያጣ ሰው በቁራኛ ይያዛል። የሚይዘውም ከሳሹ ነው።»

ወጣቶቹ አልገባቸውም። ሽበታሙ አስረዳቸው፤ «የጋቢውን ጫፍ ከሰውዬው ልብስ ጋር ይቋጥራል። ችሎት እስኪቆም አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል። ቢያመልጠው ዕዳው የከሳሹ ነው። ቢሞትበትም የከሳሹ ነው።»

«እኔ? ከሱ ጋር?» አለ ባለ ከብቱ።

«የከሰስኸው አንተ ነህ። ካልፈለግህ ክስህን ተው።»

«አልተውም!»

«እንግዲያ ቋጥር።»

ዝናቡ ጀመረ። እስካሁን የማስታውሰው ያንን ቆይታ ነው። ባለ ከብቱ ቢስቅብኝ ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። ሥልጣን አልነበረኝም፤ ጠባቂ አልነበረኝም፤ የሾመኝም የለም። በመጨረሻ እጀታውን ወደ ግድግዳው ወረወረና ጋቢውን ጎትቶ የጠጋኙን ቱታ ጫፍ ያዘ። ቋጠሮው እምቢ አለው። ጫፉን ተከሳሹ ራሱ ያዘለት።

አንድ ጎልማሳ እጀታ እንደያዘ ተጠጋ። «አያ፣ ወግድልኝ፤ እኔ ልጨርሰው።»

«አትጠጋ!» አለ ባለ ከብቱ። «በእጄ ነው ያለው። አንተ ልትጠየቅልኝ ነው?»

ጎልማሳው ወደ ኋላ ተመለሰ። ከጠዋቱ የተረፈ ስንቅ ሲቀርብ ሁለቱ በግድ ከአንድ ሳሕን በሉ፤ አንዱ ሲጎርስ የሌላው ክንድ ይሳባል። ወደ ባልዲው ሲሄዱ «ሙሽሮቹ ተነሡ፣ አጅቧቸው!» እያሉ ቀለዱባቸው። ሁለቱም አልሳቁም። እርስ በርሳቸውም አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ሊመሽ ሲል በሩ ተከፈተ። ኃላፊው ታጣቂዎች አስከትሎ ነበር። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ባዶ ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። የቃሬዛውን ሸራ ዝናብ እንዳያርሰው ጠቅልለውታል። ያንን ሁላችንም አየን።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለ ኃላፊው ቋጠሮውን እያየ።

ባለ ከብቱ ተነሣ፤ ቋጠሮው ስለሳበው ጠጋኙም አብሮ ተነሣ። «ቁራኛ ነው ጌታዬ። ከስሼዋለሁ። እስኪፈረድ በእጄ ነው።»

«ፍታው።»

«ዳኛው ሳይሉኝ አልፈታም።»

«ዳኛው ማነው?»

ባለ ከብቱ ስሜን አልጠራም። ኃላፊው በጥፊ መታው፤ አሁንም አልጠራም። ዳግም እንዳይመታ ተነሥቼ «እኔ ነኝ» አልሁ። ኃላፊው ረጋ ብሎ ተመለከተኝና፣ «እርስዎን ነገ አነጋግርዎታለሁ» አለኝ። ከዚያም ከአንዱ ታጣቂ ጩቤ ተቀብሎ ጋቢውን ከቋጠሮው በላይ ቆረጠው። ጠጋኙን ይዘው ሲወጡ ባለ ከብቱ ከኋላቸው ጮኸ፤

«ጌታዬ! በሕይወቱ ነው የተረከቡኝ! ይህ ሁሉ ሰው ምስክር ነው!»

ኃላፊው ደፉ ላይ ቆመ። መልሶ አላየንም። ቃሬዛውን ባዶውን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ በእኔ ላይ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም፤ ከዕድሜ እኩዮቼ ብዙዎች የበለጠውን አይተዋል። ጠጋኙ በሕይወት ወጣ። ቤተሰቡን ይዞ ወረታን ለቅቆ ወደ ሰሜን ሄደ፤ በሱቁ ውስጥ ዛሬ ሌላ ሰው ስልክ ይጠግንበታል። ዘመኔን ሁሉ የአገሬን የፖለቲካ ታሪክ በነገሥታትና በድንበር ሳስተምር ኖሬአለሁ። ሰውን ከሰው የሚለይ መንግሥት ራሱ መጥላት እንደማያስፈልገው የተማርሁት ግን በዚያ መጋዘን ነው። እጀታዎቹን ማስገባትና ደጃፉን ባዶ መተው ይበቃዋል።

ከተፈታን በኋላ ባለ ከብቱ ቤቴ መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ፍርዱስ?»

በአቅሜ ጠያይቄ ነበር። ወንድሙን ማን እንደጠቆመው ላውቅ አልቻልሁም፤ እንዲያውም ጠቋሚ ስለመኖሩ እርግጠኛ አልነበርሁም። ያንኑ ነገርሁት።

«እንግዲያ አሁንም በእጄ ነው ማለት ነው?»

«በሥርዓቱ መሠረት፣ አዎ።»

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ከዚያ ክረምት የከፋ ብዙ ዓመት አይታለች። ባለ ከብቱ አርጅቷል፤ እኔም ከቤት አልወጣም። ነገር ግን ወደ ሰሜን የሚሄድ የጭነት መኪና መገንጠያው ላይ ሲቆም እሱ ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብሎ፣ እንዲህ ያለ የፓምፕ ጠጋኝ በሕይወት አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል ይሉኛል። ሾፌሮቹ ምንህ ነው ሲሉት ምን ብሎ እንደሚመልስ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።