ማሽኗ የዊጆ አባል የሆነችበት ክረምት

በዊጇችን አንዲት ማሽን አባል የሆነች ዕለት እኔ ወጣሁ። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው "እማዬ ደሞ ስትቀልድ!" ይሉኛል። ምን ቀልድ አለው? ማሽኗ እንጨትና ብረት ነበረች፤ እኔ ደግሞ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

ዊጆ ማለት የቅቤ ዕቁብ ነው። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ቡታጅራ ዳር ነው። በሰፈራችን እስላምም ክርስቲያንም ተቀላቅለን አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። የሳምንቱን እርጎ ይዘን ባለተራዋ ቤት እንሰበሰባለን፣ አንድ ላይ እንንጣለን፣ የወጣው ቅቤ በሙሉ የእሷ ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላዋ ጋ። የአንድ ላም ወተት ለብቻው ቢናጥ ከጣት የማይዘል ቅቤ ነው የሚወጣው፤ የአሥራ አንዱ ግን ድግስ ይወጣዋል። ከቅቤው የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። አባል ስትወልድ ሴቶቹ ሁሉ ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፣ ተራ ገብተው ያስታምሟታል፣ ያበስሉላታል፣ ከጎኗ አይለዩም። አባል ላልሆነች ይህ አይደረግም። ደንብ ነው።

እኔ የቸሃ ልጅ ነኝ። ባሌ በጥር አግብቶኝ የካቲት ሲያልቅ መርካቶ ወደ ንግዱ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ የማየው በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ሲመጣ ነው። እናቴ ሩቅ ናት፤ አብረን የምንኖረው አማቴ ዐይናቸው ደክሟል፤ ሌላ ዘመድ በአገሩ አልነበረኝም። የኔ ጉራጌኛና የእነሱ ጉራጌኛ እንኳ አይገጥምም፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው። እና ለመጀመሪያ ልጄ ማን ይደርስልኛል ብዬ ሳስብ፣ መልሱ ዊጆዋ ብቻ ነበረች።

በሰኔ ላሜ ነጠፈች። አዲሱ ዙር የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ነው፤ ዙሩ ሲጀመር ወተት የሌላት አትቆጠርም። አሥር የሚታለቡ ላሞች መሃል ቁጭ ብዬ ቅቤ ሊያምረኝ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኸው ነው። ሌሊቱን ሳለቅስ አድር ነበር ብል ውሸቴን ነው፤ ላሜን ስሰድባት ነው የማድረው።

በዚህ መሃል የባሌ ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ መጣ። ጋሼ ነው የምለው። እሱም ነጋዴ ነው፤ አንድ ፈረንጅ የወተት እርሻውን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲመለስ የጣላትን የወተት መናጫ ማሽን በጭነት መኪና ይዞ መጣና ግቢያችን አወረዳት። ሆዷ የእንጨት በርሜል ነው፤ ጎኗ ላይ የብረት እጀታ አላት። እርጎ ጨምሮ እጀታውን አዞረው። እኛ ቅል ስንወዘውዝ ግማሽ ቀን የሚፈጅብንን፣ የያዝነውን ቆሎ ቆርጥመን ሳንጨርስ ቅቤው ወጣ። አንዷ "ሱብሃነላህ!" አለች፣ ሌላዋ አማተበች። ጋሼ ላቡን ጠርጎ ነገሩን አመጣው፦ ማሽኗ በናጠች ቁጥር ከቅቤው ለእሱ ድርሻ ይነሳለት። ያሰበው እሱ፣ ገንዘቡን የከሰከሰው እሱ፣ እስከ ቡታጅራ በዝናብ የተንገላታው እሱ።

በግቢያችን አንዷን ክፍል የተከራየ ወጣት አስተማሪ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ። ሶሻሊዝም የሚለውን ቃል ሊያወጣ ሲል በሩን ይዘጋል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ነገሩ እያጋለው ሲሄድ ይረሳና ይጮሃል፣ መንገደኛው ሁሉ ይሰማዋል። ጋሼን "ካፒታሊስት" ብሎ ሰደበው። ጋሼ ትርጉሙን ጠየቀ። ገንዘቡን ሥራ ላይ አውሎ ትርፍ የሚፈልግ ሰው ነው ሲባል ደስ አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማያውቀው ሰው ሁሉ "ካፒታሊስት ነኝ" ይላል፤ ሹመት ያገኘ ነው የሚመስለው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ። ጋሼ የሚለው፣ ሰው የሚያገኘው ነገር ከሌለ አዲስ ነገር ለምን ያስባል ነው፤ እሱ ባይጓጓ ኖሮ ማሽኗ ፈረንጁ ጓሮ ዝጋ ትቀር ነበር። አስተማሪው ደግሞ ማሽን የአንድ ሰው ከሆነ የሚለፋው ሌላ፣ የሚበላው ሌላ ይሆናል፤ የሁሉም ስትሆን ግን ሁሉም ያስብላታል፣ ያሻሽላታል ይላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብሎ ተረተበት። ጋሼ መልሶ፣ ሎሚውን መጀመሪያ የተከለው ማን ነው አለው። እዚያ ላይ ሁለቱም ደከማቸውና እራት ጠየቁን።

እነሱ ሲከራከሩ እጀታውን የማዞረው እኔ ነበርኩ፤ ከሁሉ ወጣት አንቺ ነሽ ተብዬ፣ ነፍሰ ጡርነቴን እንደ ቁም ነገር የቆጠረው የለም። መዳፌ ውሃ ሲቋጥር እጀታውን በእንሰት ቃጫ ጠመጠምኩት። ክዳኗ ሲያፈስ ደግሞ በለጋ የእንሰት ቅጠል አሸግሁት፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ አልወጣትም። ጋሼ አይቶ፣ ድርሻ ብትጠይቂበት ኖሮ በዚህ ትከብሪ ነበር አለኝ። አስተማሪው ይህ የሕዝብ ፈጠራ ነው ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ኧረ ወዲያ! እጄን ስላመመኝ ነው ያደረግሁት።

የዊጆዋ ዳኛ አንዲት እስላም አሮጊት ነበሩ፤ እማማ ነው የምንላቸው። ብዙ አይናገሩም። ዙሩ በሚጀመርበት ዕለት ሁለቱን ወንዶች ጠርተው አስቀመጧቸው። ጋሼን፣ ማሽኗ አርጅታ አንድ ቀን ብትቆም ድርሻህ አብሮ ይቆማል ወይ ብለው ጠየቁት። ድርሻዬ አይቆምም አለ። አስተማሪውን ደግሞ፣ ለከርሞ አዲስ አበባ ከዚህ የተሻለች ማሽን ብትመጣ፣ በዝናብ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የሚያመጣት ማን ነው አሉት። ኮሚቴ ይቋቋማል አለ። እማማም፣ ኮሚቴው ላም አለው ወይ አሉት። መልሱን ሳይጠብቁ ፈረዱ፦

"የምትሠራዋ ማሽኗ ናት። የሠራ ደግሞ ተራ ያገኛል። አባል ትሁን።"

ጋሼ ማሽኔ ተራ አገኘች ብሎ ፈነደቀ። አስተማሪው ማሽኗ ከግል እጅ ወጣች ብሎ ፈነደቀ። ተጨባበጡ። እማማ ግን ቆጠራቸውን ቀጠሉ፤ ለእያንዳንዷ አባል አንድ ጠጠር ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ። ለማሽኗ አንድ ጨመሩና የኔን አነሱ። ቁጥሩ ያው አሥራ አንድ ሆነ፤ ምንም ያልጎደለ ይመስል ነበር።

ደሜ ፈላ። አዲስ ያገባች ሴት በሽማግሌ ፊት እንደማትናገር አውቃለሁ፤ ግን ተነሳሁ።

"እማማ፣ ይቺ ማሽን ስንት ጥጃ ወልዳለች? ወተት እንደሆነ እኔም የለኝ፣ እሷም የላት። ግን እኔ እሷን አዞራታለሁ እንጂ እሷ እኔን አታዞረኝም!"

አስተማሪው አጨበጨበ፤ ሠርቶ አደሩ ነቃ ነው ያለው። ጋሼ፣ ከፈለግሽ እኔ እቀጥርሻለሁ አለኝ። እማማ ሁለቱንም በእጃቸው ዝም አሰኙና ደንብ በእንባ አይሻርም አሉ። እንባዬ መውረዱን ያወቅሁት ያኔ ነው።

"ማሽኗ ግን ለብቻዋ አትዞርም" አሉኝ። "አንቺ እጇ ነሽ። እሷ ባለችበት ትገኛለሽ። አባልዋ እሷ ናት።"

ሰው አይደለሁም ማለት ነው፤ እጀታ ነኝ። ተናድጄ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም ልል ነበር፤ ቀምሻለሁ፣ ግን እየተነጫነጭኩ።

አባል የሆነ ሰው ደግሞ ግዴታ አለበት። የአንዷ አባል አባት እንሴኖ ከተማ ሞቱና ለቅሶ መሄድ ሆነ፤ የቀረች ትቀጣለች። ማሽኗም አባል ናት። ጋሪ ላይ ጫንናት፣ ክዳኗ ላይ ነጠላ ጣል አደረግንባት፣ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። እንሴኖ ስንደርስ ለቀስተኛው ምንድን ናት ብሎ ጠየቀ። አባላችን ናት አልን። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ዐይናቸው የፈዘዘ አንድ ሽማግሌ እየዞሩ ሰውን ሁሉ ሲጨብጡ የእሷንም እጀታ ጨበጡ፣ ከዚያ ለጎረቤታቸው "ይቺስ ለፍታ አዳሪ ናት" አሉት። ሐዘን ቤት ባይሆን ኖሮ በሳቅ እሞት ነበር፤ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ተረፍኩ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። በጾም ክርስቲያኖቹ ቅቤ ስለማንበላ እስላሞቹ ናቸው ተራውን የሚወስዱት፤ የኛ ይተላለፋል። በዕጣ የማሽኗ ተራ ፍልሰታ ላይ ወደቀ። ታዲያ ማሽኗ ምንድን ናት? እማማ፣ ፈረንጅ የሠራት ስለሆነች ክርስቲያን ናት አሉ። አንዷ ክርስቲያን ደግሞ፣ ያመጣት የመኪና ሹፌር እስላም ነው አለች። ግማሽ ቀን ተሟገትን። አስተማሪው ማሽን ሃይማኖት የላትም ሊል ሞክሮ ሴቶቹ ሁሉ ተቆጡትና ወጣ። በመጨረሻ አማቴ ገላገሉን፤ ከመጣች ጀምሮ አንድም ቀን እህል ያልቀመሰች እሷ ካልጾመች ማን ጾመ አሉ። ተራዋ ተላለፈና የመስቀል ሳምንት ላይ ወደቀ።

ለመስቀል አገሩ በሙሉ ከአዲስ አበባ ይመለሳል፤ ባሌም መጣ፣ ጋሼም መጣ። ጋሼ የማሽኗን ቅቤ ሊወስድ ዕቃ ይዞ ነው የመጣው። እማማ ቅቤው የማሽኗ እንጂ የሱ እንዳልሆነ ነገሩት፤ ከፈለገ እሷ ራሷ ትስጠው። ነጋዴ አይደል፣ ወዲያው አወቀበት። ወደኔ ዞሮ፣ እጇ ይችው አይደለች እንዴ አለ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጀታ በመሆኔ ደስ አለኝ። ለክትፎው የሚበቃውን ቆርጬ ሰጠሁትና፣ ይኼ ድርሻ ሳይሆን ስጦታ ነው አልኩት። የቀረውን ለአራስነቴ አስቀመጥኩት። ክትፎውን አስተማሪውም በላ። አፋቸው ሙሉ እየሆነ ያንኑ ክርክር ጀመሩ፤ አንደኛው ፍትሕ ነው ይላል፣ ሌላኛው ችሮታ ነው ይላል። እስከ ዛሬ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም።

ከመስቀል በኋላ ወንዶቹ ተመለሱ፣ እኔም ሆዴ ገፋ። አንድ ቀን እማማን ለብቻቸው አግኝቼ፣ ስወልድ ትመጣላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ደንቡ አባል ስትወልድ ነው የሚለው አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያን ቀን ጠላኋቸው። በእውነት ነው የምናገረው፣ ከልቤ ጠላኋቸው።

ኅዳር ላይ፣ ከቀትር በኋላ ምጥ ያዘኝ። አማቴና አንዲት አዋላጅ ነበሩ። አዋላጇ ሕፃኗን ካስታቀፈችኝ በኋላ ሌላ የምትደርስላት ነበረችና ሄደች። በማግስቱ ጠዋት አማቴ እሳት ለማንደድ በዳበሳ እንጨት ይፈልጋሉ፤ እኔ ተኝቼ ልጄን እያየሁ፣ እኔና አንቺ ብቻችንን ነን እላታለሁ።

ግቢው ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ወደኔ ግን አልመጡም፤ ማሽኗ ወደምትቀመጥበት ዳስ ሄዱ። የእማማ ድምፅ ነው፣ ረጋ ብለው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይላሉ። ሌላዋም እንደዚያው አለች፣ ሌላዋም። እያንዳንዷ ተራ በተራ ለበርሜሏ እንዲህ ሲሉ ቆዩ። ከዚያ ለአራት ተሸክመው አመጧትና አልጋዬ አጠገብ አስቀመጧት። አማቴ ግራ ገብቷቸው ምን ሆናችሁ አሉ።

እማማ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ።

"አባላችን ወልዳለች ሲሉን መጣን" አሉ። "በእጇ በኩል ነው አሉ የወለደችው።"

አንዷ እሳቱን አነደደች፣ ሌላዋ ገንፎውን ጣደች፣ ሦስተኛዋ ልጄን ከእቅፌ ወሰደች። እማማ አልጋዬ ላይ ተቀመጡና ሻሼን ፈትተው ቅቤውን አናቴ ላይ አደረጉልኝ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ዝም በይ አላሉኝም። ቆጠርኳቸው፣ አሥሩም ነበሩ። ማሽኗን ዞር ብላ ያየቻት አንድም ሴት አልነበረችም።