እርፉን ማን ያዘው

በእኛ በቡሬ ገጠር ሥራው ሲወደስለት ያላናናቀ ሰው ዓይን ይበላዋል። ይህን የተማርሁት ከአባባ ነው። የማርያም ማኅበር ላይ ጎረቤቶች ትልማቸውን ሲያደንቁ፣ «ኧረ በሬዎቹ ናቸው የሚያርሱት» ይላሉ፤ ሰው ይስቃል። እኔንም «አውሮፕላን ነጂ ሆነች!» ብለው ሲያፈጡብኝ፣ «ኧረ እሱ ራሱ ነው የሚበረው፤ እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ» አልሁ። ከቡዳ ተረፍሁ። አባባ ግን ሰሙኝ።

የፍኖተ ሰላሙ ሐኪም ግራ ዓይናቸው እንደጠፋ፣ ቀኙም አዲስ አበባ ሄደው ቶሎ ካልታከሙ እንደሚከተል ነግሯቸው ነበር። እሳቸው «ቀኙ ደህና ነው» ይላሉ። የመኪናው መንገድ እንደሚታወቀው ነው፤ ዛሬ ተከፈተ ሲሉ ነገ ይዘጋል። የቀረው ከባሕር ዳር መብረር ነው።

«ነጂ በሌለው አልሳፈርም» አሉ።

ስንነሣና ስናርፍ በእጃችን እንደሆነ፣ መሐል ላይ ማሽኑ ሲይዘው እኛ እንደምንጠብቀው ሁለት ሳምንት ሙሉ አስረዳሁ። ድንጋይ ቢሆን ይሰማ ነበር።

«ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቺው ልትይዢው ማርያምን በይ!»

እንዴት እንደተናደድሁ! ማርያምን አልሁ።

የእኔ ተራ በሆነ ቀን ወንድሜ ይዟቸው ተሳፈረ። እኔ ረዳት አብራሪ ነኝ። ዋናው አብራሪ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር በእጄ እንዳበርር ፈቀደልኝ። ዓባይን ተሻግረን ደመና ውስጥ ስንገባ ግን፣ «በይ አሁን ለማሽኑ ስጪው» አለ። ልክ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ እጅ ሲደክም ልብም ይሰረቃል። ቁልፉን ተጫንሁ። በማርያም የማለ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መሣሪያዎቹን ሳነብ ቆየሁ። ለማረፍ ስንወርድ መልሼ ያዝሁት።

አዲስ አበባ፣ ከአውሮፕላኑ መሰላል ሥር የአባባን ክንድ ያዝሁ። ፈርቻለሁ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደመናው ውስጥ ለማሽኑ ሰጥቼው ነበር።»

«አንቺስ ያን ጊዜ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ዓይኔን ከእሱ አልነቀልሁም።»

በእግራቸው መሬቱን ፈለጉ፤ ደረጃው ማለቁን አላዩም ነበር።

«ዓይን ካለማ ምን ችግር አለው» አሉ። «እኔ ሁለት ዓመት እርፉን ጨብጨ ነው የኖርሁ። ትልሙ አይታየኝም። በሬዎቹ ናቸው የሚያርሱት ስል እኮ እውነቴን ነበር፣ ልጄ።»