ክፍት የተተወው ቧንቧ

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ የሕንፃው አሮጌ የውሃ ቱቦዎች ሊቀየሩ ነው ተባለና በየበሩ ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። የእኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ጽሑፉን ትቼ ቁጥሩን አነበብኩ። ዘጠኝና አራት ይላል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ውሃ የለም ማለት ነው።

ውሃው ግን ወረቀቱን አላነበበውም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ይመጣና ቡና እንኳን ሳይፈላ ይሄዳል። ሌላ ቀን ይጠፋል ሲሉን ሙሉ ቀን ይወርዳል። ደግሞ ምንም ባልተባለበት ቅዳሜ ድርቅ ይላል። ወጣቶቹ ጎረቤቶች ተናደዱ። ከእኛ በላይ ያለው ጎረምሳ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ገላውን ለመታጠብ ጂም ሲሄድ ደረጃው ላይ አገኘው ነበር፣ ፊቱ የሠርግ ጥሪ እንዳልደረሰው ሰው ነው።

እውነቱን ለመናገር እኛን አልከፋንም። እንዲያውም ቤቱ ነፍስ ዘራ።

«ይኸው» አለች ባለቤቴ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ቁም ሣጥን ባልዲዎቿን እየጎተተች። ድሮ ትሠራበት ከነበረው የአረጋውያን ማቆያ ወጥ ቤት ያመጣቻቸው፣ የኮመጠጠ ኪያር የነበረባቸው ነጫጭ ባልዲዎች ናቸው። «ጣያቸው ስትለኝ የነበረው እነዚህን ነው።»

«እኔ መቼ ጣያቸው አልኩሽ?»

«ቤት ባጸዳን ቁጥር።»

ሐረር ነው ያደግነው፣ ልጆቻችንንም እዚያው ነው ያሳደግነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ጥሩ ነበር፤ ሁለት ሳምንት የሚቆይበትም ጊዜ አለ። ቀኑም ሰዓቱም አይታወቅም። ስለዚህ የግቢውን ቧንቧ ክፍት እንተወዋለን፣ ከሥሩ ባዶ ጣሳ እናስቀምጣለን። ውሃው ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ፉ ይላል፣ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ዝገት የመሰለ ጠብታ ጣሳውን ይመታዋል። ያንን የሰማ «መጣ!» ብሎ ይጮኻል፣ ቤቱ ሁሉ ያገኘውን ዕቃ ይዞ ይወጣል። ከሁላችንም ጆሮ የሚቀድመው የሴት ልጃችን ነበር። ደብተሯን ጥላ ስትሮጥ አይተን ነው እኛ ውሃ መምጣቱን የምናውቀው።

ይህቺው ልጅ ናት አሜሪካ ቀድማ መጥታ እኛን ያመጣችን። አሁን ነርስ ናት፣ የምትኖረው ሌክውድ ነው፣ ከዴንቨር ወዲያ ማዶ። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ከምድር በታች ያለው ቤዝመንቱ ባዶ ነው፣ እዚያ ግቡልኝ ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሌክውድ መጥፎ ቦታ ሆኖ አይደለም እንቢ ያልኩት። እዚያ ከቤት ለመውጣት መኪና ያለው ሰው መጠበቅ አለብኝ። እዚህ ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ። አውቶቡሱ በር ላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ይደረሳል፣ በሩን የምከፍተው በራሴ ቁልፍ ነው።

የውሃውን ነገር ስትሰማ ደወለች።

«አባባ፣ ሌላ አንድ ችግር ከሰማሁ መኪናውን ይዤ መጥቼ ሁለታችሁንም ጭኜ ነው የምሄደው።»

«እንደ ሻንጣ?»

«አዎ፣ እንደ ሻንጣ።»

እኔ አሥራ አንድ ዓመት አየር ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር የገፋሁ ሰው ነኝ። ሰው እንደ ሻንጣ ሲሆን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይህን አላልኳትም። «ምንም ችግር የለም፣ እየተመቸን ነው» አልኳት፤ እውነትም ነበር።

ባለቤቴ ሕግ አወጣች። ጎመን የታጠበበት ውሃ አይደፋም፣ ወለል ይወለወልበታል፤ ወለል የተወለወለበት ደግሞ ሽንት ቤት ይገባል። እኔ በአንድ ጆግ ሙቅ ውሃ ገላዬን እታጠባለሁ፤ እንዲያውም ለእግሬ ይተርፈኛል። የሐረር ሰው ይህን ሥራ አይረሳም።

ከእኛ በታች፣ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ አንዲት የሜክሲኮ ሴት ብቻቸውን ይኖራሉ። በዕድሜ እኔን ያክላሉ። ለዓመታት ከሃሎ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ውሃው በጠፋ በመጀመሪያው ቀን እኔ ከሱቅ ሁለት ባልዲ ገዝቼ ስመጣ፣ እሳቸውም ሁለት ባልዲ ይዘው በሩ ላይ ተገናኘን። አንዳችን የአንዳችንን እጅ አየንና ሳቅን። አየር ማረፊያ የለቃቀምኳት ትንሽ ስፓኒሽ አለችኝ፤ «አግዋ» አልኩ፣ ውሃ ማለቴ ነው። «አግዋ፣ ቬሲኖ» አሉ፤ ጎረቤቴ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ እኔ ሴኞራ፣ እመቤት እንደማለት፣ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ቬሲኖ ይሉኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

እሑድ ጠዋት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ለብሰን ጨርሰናል፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ብከፍተው ደረቅ ነው። እንደ ልማዴ ክፍት ተውኩትና ሳፋ ከሥሩ አስቀመጥኩ። ከዚያ ደግሞ ከሳፋው የሚተርፈው ውሃ ለምን ይባክናል ብዬ የዕቃ ማጠቢያውን ጎድጓዳ ቀዳዳ በላስቲክ መክደኛው ደፈንኩት። በሥራዬ ረክቼ ወጣሁ።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ዝክር ስለነበር ቆየን። የተመለስነው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ደረጃው ላይ ሳለን የውሃ ድምፅ ሰማን።

«ውሃ መጣ» አለች ባለቤቴ ደስ ብሏት፣ እርምጃዋን እያፈጠነች።

በሩን ስንከፍት ምንጣፉ ጨቅ ጨቅ አለ።

ሐረር ቧንቧ ክፍት ሲተው ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ሰው ነበር። አንዱ ቢወጣ ሌላው አለ፣ ሁሉም ቢወጣ ጎረቤት አለ። እዚህ ሁለታችን ስንወጣ ቤቱ ባዶ መሆኑን እጄ አላወቀም። እሱ የሚያውቀውን ሠርቶ ወጣ።

ቧንቧውን ዘጋን፣ ባለን ፎጣ ሁሉ አደረቅን። ባለቤቴ ፎጣ እየጨመቀች ወደ ወለሉ አየች።

«ከሥር ሰው አለ» አለች።

«አውቃለሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«ነገ? ጣሪያው ራሳቸው ላይ ከወረደ በኋላ?»

ወረድኩ። ከምፈራው ሁሉ የምፈራው አንድ ነገር ነበር። የኪራይ ውላችን ላይ ያለው ስልክ የልጃችን ነው። ሴኞራ ለሕንፃው ቢሮ ከተናገሩ ቢሮው ለልጄ ይደውላል፣ ልጄ መኪናዋን ይዛ ትመጣለች።

ሴኞራ በሩን ከፈቱልኝ። የወጥ ቤታቸው መብራት ጠፍቷል፣ ጣሪያው ላይ እንጀራ የሚያህል እርጥብ ክብ ወጥቷል፣ ከሥሩ ሁለት ድስትና አንድ ባልዲ ተደርድረው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ሶሪ ሴኞራ» አልኩ። «እኔ ነኝ። እኔ ቧንቧ ከፈትኩ፣ ቸርች ሄድኩ።»

ጣሪያቸውን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ራሳቸው ቧንቧ ወሰዱኝ። እሱም ተከፍቶ የተተወ ነበር፣ ከሥሩ ባልዲ አለ፣ ባልዲው ሲሞላ ዘግተውታል። በጣታቸው ቧንቧውን አሳዩኝ፣ ቀጥሎ ጆሯቸውን፣ ቀጥሎ ራሳቸውን። እኔ ግን ቤት ነበርኩ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሳቁ። ቀልድ እንደነገርኳቸው ነው የሳቁት።

ወንበር ሳቡልኝ። በሁለታችን የተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጃችን ብዙ ተጫወትን። የሳቸው ከተማ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ብቻ ነው አሉ፤ ማክሰኞም ካልረሳ። ጣሪያ ላይ ትልቅ ጥቁር ታንከር አላቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በየጠዋቱ መሰላል ወጥተው ታንከሩን እንደ ከበሮ በጣታቸው እየመቱ፣ ስንት እንደቀረው ከላይ ይጮኹላቸው ነበር። ውሃው ሳይመጣ ሲቀር ቦቴ ይመጣል። ሴቶቹ ይከተሉታል። ሴኞራ መሪ እንደሚያዞር ሰው እጃቸውን አዞሩና ምድጃው ላይ ወዳለው ታማሌ ጠቆሙ፤ በበቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግባቸው ነው። ሹፌሩን ያበላች ቅድሚያ ትቀዳለች።

«እኛም ጋ እንዲሁ ነው» አልኩ። «ግን የኛ ሹፌር ጫት ነበር የሚወደው።» ይህን በምልክት ማስረዳት አቃተኝና ተውኩት።

ልሄድ ስነሣ ወደ ጣሪያው ጠቆምኩ። «ቢሮ?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኖ ቬሲኖ። ቱቦ፣ ቱቦ» አሉ። ቱቦ የሚቀይሩት ሠራተኞች ያደረጉት ነው እላለሁ ማለታቸው ነው። ደግ ሴት ናቸው። አመስግኜ ወጣሁ።

ግን እንጀራ አልወርድልህ አለኝ። ሠራተኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ምሳቸውን ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲበሉ አይቻለሁ። አንዱ ሁልጊዜ ለባለቤቴ ባልዲ ይሸከምላታል። በእኔ ሳፋ ምክንያት እሱን ሊቆጡት ነው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ቢሮ ሄጄ ልናገር።»

«ሌክውድ ልንገባ ነዋ።» አልተቆጣችም። «ባልዲዎቼን ግን ይዤ ነው የምሄደው» አለች።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ ለቢሮዋ ልጅ ነገርኳት። ከፈትኩ፣ ሄድኩ፣ ውሃ መጣ፣ ወደ ሥር ወረደ። ጻፈችው። ለቱቦው ሲባል ጣሪያዎቹ ሁሉ እየተቀደዱ ስለሆነ ያኛውም አብሮ ይለጠፋል፣ አይጨነቁ አለችኝ። ከዚያም፣ እንደፈራሁት፣ ስልኩን አነሣች።

ልጃችን ማክሰኞ፣ ሥራ በማትገባበት ቀን፣ መጣች። ሴኞራ ታማሌ በሳህን ይዘው ወጥተው ከባለቤቴ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል።

«በሩ ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት» አለች ልጄ፣ ተቀምጣ እንኳን ሳትጨርስ። «እንዳይቀጡኝ ቶሎ እንውጣ። አባባ፣ ልብስዎን ብቻ ይያዙ፣ ሌላውን ቅዳሜ እወስደዋለሁ።»

«መጀመሪያ ብዪ እንጂ» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ አትቀልጂ። ቢሮው ሥራ ላይ እያለሁ ነው የደወለልኝ። ደነገጥኩ። ዛሬ ውሃ ነው፣ ነገ ጋዝ ከሆነስ? ሰው ቧንቧ ከፍቶ ትቶ ይሄዳል?»

ልክ ነበረች።

ታማሌውን በልታ እጇ ስለጨቀየ እየተናገረች ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ቧንቧውን ከፈተችው። ደረቅ ነው። «ይኸው፣ ይህንን ነው የምለው» አለች። ከመደርደሪያው ትልቁን ድስት አወረደች፣ ከቧንቧው ሥር አስቀመጠችው፣ እጇን በወረቀት ጠርጋ ተመለሰች። ቧንቧው እንደተከፈተ ነው። «እርጅና ነውር አይደለም አባባ። ሰው ይረሳል። ቤዝመንቱ ሙቀት አለው፣ ቴሌቪዥን አስገብቼበታለሁ…»

ባለቤቴ አየችኝ። ሴኞራ ቧንቧውን አዩ፣ ከዚያ ልጄን አዩ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔ ኮቴን ለበስኩ። ልጄ ቦርሳዋን አነሣች፣ እናቷን በክንዷ ደግፋ አስነሣች፣ ሁላችንም በሩ ላይ ደረስን።

«ቧንቧውስ?» አልኳት።

«የቱ ቧንቧ?»

ዞር ብላ አየችው። ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ኖሯል።

«መቼ ከፈትኩት?» አለች።

«እርጅና ነውር አይደለም» አለቻት እናቷ።

ሴኞራ አማርኛ አይሰሙም፤ ቢሆንም ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

ልጄ ተመልሳ ቁጭ አለች። ወዲያው ቀና አለች፣ ልክ እንደ ድሮዋ፣ አንገቷን ወደ አንድ ጎን አድርጋ። እኔ ምንም አልሰማሁም።

«መጣ» አለችና ሮጠች።

ከዚያ በኋላ ነው ቧንቧው ፉ ሲል የሰማሁት። ባልዲዎቹን ሁሉ ሞላች፣ የሴኞራንም ወርዳ ሞላች፣ እስከ ክርኗ ረጥባ ተመለሰች። ስትጨርስ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ማንበብ እንድችል በትልልቁ በአማርኛ «ቧንቧ» ብላ ጻፈችና በበሩ ላይ በውስጥ በኩል ለጠፈችው። ስለ ሌክውድ ያን ቀን ደግማ አላነሣችም። ስትወጣ መኪናዋ ላይ የቅጣት ወረቀት ተለጥፎበታል። እያነበበችው ስትስቅ በመስኮት አየኋት።

አሁን ቱቦው ሁሉ ተቀይሯል፣ ውሃውም አይጠፋም። ወረቀቱ እስካሁን በሩ ላይ አለ። እኔም ስወጣ አነበውና ተመልሼ ቧንቧውን በእጄ አጥብቄ እመጣለሁ። የሴኞራን ጣሪያ ቀቡት፤ አዲሱ ነጭ ግን ከአሮጌው ስላልገጠመ ክቡ አሁንም ይታያል። ማክሰኞ ማክሰኞ ወርጄ ሻይ ስጠጣ ወደ ላይ ይጠቁሙና ይጠይቁኛል።

«ቬሲኖ፣ ቧንቧ?»

«ተዘግቷል ሴኞራ» እላቸዋለሁ።