ቢጫ ቀለም የተቀባው ጫካ

የአክስቴ ልጅ ዳንግላ ከተማ የቱሪዝም ቢሮ ሥራ ከገባ ወዲህ በእግር መሄድን እንደ አዲስ ግኝት ይሰብክ ጀመር። ከዘንገና ሐይቅ በታች ያለው፣ ገበያ ስንወርድ ስንወጣ ያደግንበት የጭቃ መንገድ፣ በእሱ አፍ «ለመላው ቤተሰብ ምቹ የእግር ጉዞ» ሆነ። መንገዱ ወንዙን ተሻግሮ፣ ጨፌውን አቋርጦ፣ ጫካ ውስጥ ያልፋል። ጫካ የሚለው የእናቴን ዲከረንስ ነው።

ዲከረንስ እኛ አገር ለከሰል የሚተከል ዛፍ ነው። ከማሳ ሰብል አይለይም፤ ሲደርስ ይቆረጣል። እናቴ የተከለችው በሽያጩ የሣር ክዳኗን አውርዳ ቤቷን ቆርቆሮ ለማልበስ ነበር። ዛፉ ደርሷል፤ ክረምት ሳይገባ ሊቆርጡት ከከሰል አክሳዮቹ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። የአክስቴ ልጅ ግን አንድ ባልዲ ቢጫ ቀለም ይዞ መጣና መንገድ እንዲያመለክት ግንዱን ሁሉ እየቀባ አለፈ።

«አክስቴ፣ የመንገዱ ምርቃት እስኪያልፍ ብቻ እንዳያስቆርጡብኝ» አላት።

እናቴ የሥጋ ዘመድ ፊት እምቢ ማለት አይሆንላትም። እሺ አለች። እኔ ግን በገንኩ።

ለምርቃቱ ሰው በሚኒባስ ተጭኖ መጣ። ለእግር ጉዞ በመኪና! ነጭ ጫማቸው እንዳይቆሽሽ ጨፌውን በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ተሻገሩት። አንዱ አባወራ ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «ይኸውልህ፣ ጥንታዊ ደን» ሲለው ሰማሁ። ጥንታዊ! ዛፉ እኮ ከልጁ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም። የአክስቴ ልጅ አላረመውም፤ እንዲያውም ደረቱን ነፋ።

ምርቃቱ አለፈና «ሌላ እንግዳ ይመጣል፣ ትንሽ ይታገሱኝ» የሚል ተተካ። እንግዳ ሲመጣ፣ እንግዳ ሲሄድ ክረምት ገባ። በዝናብ የራሰ እንጨት ለከሰል አይሆንም፤ አክሳዮቹም ሌላ ሥራ ይዘው ሄዱ። እናቴ ከሚያፈሰው ክዳን ለመሸሽ አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስትጎትት ከረመች።

ሐምሌ ላይ ልጠይቃት ከምኖርበት ከእንጅባራ ሄጄ ሳለ ዝናቡ የአክስቴን ልጅ ከነእንግዶቹ ነድቶ ቤቷ አስገባቸው። ገና ከመቀመጡ ጠብታው አናቱ ላይ አረፈ። ቀና ብሎ ክዳኑን አየ።

«ውይ አክስቴ፣ ቤቱ እኮ ያፈሳል! ምነው እስካሁን ቆርቆሮ ሳያለብሱት?» አለ፣ እንግዶቹ ፊት፣ በተቆርቋሪ ድምፅ።

እኔ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ከጠብታው ሥር ጎድጓዳ ሳህን እያስቀመጠች፣ ምንም ሳትቆጣ፣

«ቆርቆሮዬንማ አንተ ቢጫ ቀብተህ ጫካ ውስጥ አቁመኸው የለ፣ ልጄ» አለችው።