መረቅ ብቻ የበላው እጩ ሙሽራ

በፓሪያማን ከተማ ሽማግሌ የሚልከው የሴቷ ወገን ነው። ከሽማግሌው በፊት ደግሞ ያርኔሊስ ትላካለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው፤ ሥራዋ የሙዝ ጥብስ መሸጥ። ሰፈሩ ግን የሚያውቃት በዓይኗ ነው። እጩውን ሳያውቃት አይታው ትመጣና "ይሁን" ወይም "ይቅር" ትላለች። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ፍርዷን ሽራ አታውቅም። "ሰውን ለማወቅ ደጃፍ ላይ ጫማውን እስኪያወልቅ ይበቃኛል" ትላለች።

ዘንድሮ ተራው የእህቷ ልጅ የጉስኔቲ ሆነ። ልጅቷ በጦጣ ኮኮናት የሚያስለቅመውን ዙልማስሪን ወዳለች። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይወስናል፤ ውሳኔው ያለው ያርኔሊስ አፍ ላይ ነው።

"አክስቴ፣ ነፍሴ በእጅሽ ናት" አለቻት።

"ነፍስሽስ በፈጣሪ እጅ ናት። እኔ ጋ ያለው ባልሽ ነው።"

ማክሰኞ ያርኔሊስ ገበያ ዳር ካለው ምግብ ቤት ገብታ ከዙልማስሪ ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠች። አስተናጋጁ እንደ ወጉ አሥራ አራት ሳህን ደረደረለት፤ የሚከፈለው ለተነካው ነው፣ መረቅ በነጻ። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስጋውን በማንኪያ ገፋ አድርጎ ከሥሩ መረቁን ጨለፈ። ዓሣውንም እንዲሁ። ዶሮውንም እንዲሁ። አሥራ አራቱንም ሳህን ዞሮ ሩዙን በመረቅ አርሶ በላና፣ አንድ ቁራጭ ሳይነካ ተነሳ። ያርኔሊስ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ሻይዋ ውስጥ የምትጨምረው ጨው መሆኑን እንኳ አላወቀችም። ጠጣችው።

"ስስታም ነው!" አለች ቤት ገብታ። "ልጄ፣ ይሄ ሰው በሠርግሽ ቀን መረቅ ነው የሚያጎርስሽ!"

ጉስኔቲ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። "ያየሽው አንድ ምሳ ነው" አለች። "እኔን በአንድ ምሳ ቢፈርዱብኝ ዝም ትያለሽ?"

ያን ምሽት ያርኔሊስ ስትሰግድ ያ መረቅ ሐሳቧ ውስጥ እየገባ አስቸገራት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቃሏ ገና ከቤት አልወጣም። ሐሙስ ጠዋት ኮኮናቷን እንዲያስለቅምላት ዙልማስሪን አስጠራችው።

በሞተር ብስክሌት መጣ፤ ጦጣው ቡዩንግ ከኋላው እንደ ባለሥልጣን ተቀምጧል። ቡዩንግ ዛፉን ሽቅብ አየ፣ ቁልቁል አየ፣ ሆዱን አክኮ ቁጭ አለ።

"ዱላ የለህም እንዴ?" አለች ያርኔሊስ፣ ሆን ብላ።

"ትናንት ብዙ ሠርቷል፣ እትዬ። እሱን ሲደክመው ተራው የኔ ነው።"

ጦጣውን የሚያስርበትን ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ጫፉን ለጦጣው አስይዞ ራሱ ወጣ! ሰው ዛፍ ላይ፣ ጦጣ መሬት ላይ። ቡዩንግ ገመዱን ጎተት ጎተት ሲያደርግ "ቶሎ በል እንጂ!" የሚል ይመስላል። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ።

"ዙል፣ አለቃው ማነው?" አለ አንዱ ጎረቤት።

"እሱ ነዋ! እኔ በሙዝ ነው የተቀጠርኩት!" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ሲወርድ ያርኔሊስ ሳቋን በሻርፗ ሸፍና፣ ከኮኮናቱ ቆረስ አድርጋ ዘረጋችለት። ዙልማስሪ ጉንጩን ያዘ።

"ይቅርታ፣ እትዬ፣ የመንጋጋ ጥርሴ ነው። ቅዳሜ ይነቀላል። ሳምንቱን ሙሉ በመረቅ ነው የኖርኩት።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እርስዎስ ተሻለዎት? ማክሰኞ ሻይ ውስጥ ጨው ሲጨምሩ አይቼ፣ ምስኪን፣ አእምሯቸውን ቢነካቸው ነው ብዬ መስጊድ ገብቼ ዱዓ አደረግሁልዎ።"

ያርኔሊስ የኮኮናቱ ክምር ላይ ዘጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቡዩንግ ጠጋ ብሎ ፊቷን መረመረ።

"ዱዓህ ደርሷል፣ ልጄ" አለች። "ከትናንት ወዲያ አብጄ ነበር፤ ዛሬ ድኛለሁ።"

ዓርብ ቤተሰቡ ምንጣፉ ላይ ተሰበሰበ። የያርኔሊስ ታላቅ ወንድም ሩስማን ጉሮሮውን ጠራረገ። "እሺ፣ ዓይናችን ምን አየ?"

"ዓይናችሁ ማክሰኞ ታውሮ ነበር" አለች ያርኔሊስ። የሃያ ዓመት ስሟን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ተናገረች፣ ጨዉን ሳትደብቅ። ሩስማን እስኪያስለው ሳቀ።

"ታዲያ ፍርዱ?"

"ይሁን!"

ጉስኔቲ ከጓዳ እየሮጠች ወጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"ቆይ፣ ቆይ!" አለች ያርኔሊስ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ሽማግሌ የሚላከው ግን ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ነው። ስጋ ሲበላም አንድ ቀን ልየው።"

"አክስቴ!"

"እሺ፣ እሺ። የሻዬን ስኳር ግን አንቺ ጨምሪልኝ።"